የሚያጣብቅ ወለል

ጋሽ ደቂቃ በሕይወታቸው ያልተሳሳቱበትን ነገር ቢጠየቁ ሳያመነቱ «ሰዓት» ይላሉ። የተሳሳቱበትን ቢጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ዝምታቸው ትሕትና እንዳይመስል፤ ቢያስቡ ቢያሰላስሉ ከልባቸው የሚመጣላቸው ነገር ስለሌለ ነው።

ስሙን ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። የሰዓት መጠገኛ ሱቅ በነበራቸው ጊዜ፣ ደንበኛ ከተቀጠረበት ትንሽ ዘግይቶ የመጣ እንደሆነ «ደቂቃ አልፎሃል» ብለው መስኮቱን ይዘጉበት ነበር። ሰውየው ውጭ ቆሞ ሲለምን እሳቸው ከውስጥ አጉሊ መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው የሌላ ሰው ሰዓት ይፈታሉ። በሙያቸው የሚያማቸው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ለእሳቸው የሚገባው ምስጋና ይኸው ብቻ ስለሆነ ነው፤ ከዚህ በታች ሌላ አይገኝም።

ዕድሜ ሲገፋ ሱቁን ለቀቁና የሥራ ጠረጴዛቸውን ወደ ቤታቸው አመጡ። ቤቱ ፎቅ ላይ ነው፤ ሳሎኑ ሰፊ መስኮት አለው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አንድ ልጃቸው ከነሚስቱ አብሯቸው ይኖራል። ልጁ ማተሚያ ቤት ይሠራል፤ ቀኑን ሙሉ በማሽን ጩኸት ውስጥ ስለሚውል ነው መሰል፣ ቤት ሲገባ ድምፅ አያወጣም። ሚስቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሂሳብ መምህርት ናት። በመስኮቱ ሥር፣ ከጠረጴዛው አጠገብ፣ በትልልቅ የሸክላ ማሰሮዎች የተተከሉ ሦስት ዛፎች አሉ፤ ሎሚ፣ ብርቱካንና መንደሪን። ቁመታቸው ከሰው ወገብ እምብዛም አያልፍም፤ በቤቱ ውስጥ ያላቸው ሥልጣን ግን ከሰው ይበልጣል።

ጋሽ ደቂቃ ዛፎቹን የሚይዙት ሰዓት እንደሚይዙት ነው። የቅጠሉን አቧራ አንድ በአንድ በለስላሳ ብሩሽ ያራግፋሉ። ውሃ በመለኪያ ያጠጣሉ። ብርሃኑ ለሁሉም ጎን እንዲዳረስ ማሰሮዎቹን በየጊዜው ያዞራሉ። ሌላ ሰው አይነካቸውም። ምራታቸው ቤቱን ስታጸዳ እንኳ ማሰሮ ማንቀሳቀስ አይፈቀድላትም፤ እንደ መቃብር ዙሪያቸውን ዞራ ትወለውላለች።

ጠቡ የጀመረው በነጠላ ጫማ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጋሽ ደቂቃ ከጠረጴዛቸው ሲነሡ የጫማቸው ሶል ከወለሉ ጋር ተጣብቆ ቀረና እግራቸው ባዶውን ወጣ። ጎንበስ ብለው ወለሉን በጣታቸው ነኩት። አሸተቱት። በመጨረሻም ጣታቸውን ቀመሱ።

«ስኳር ነው» አሉ፤ ምርመራውም እዚህ ላይ አለቀ። በዚያ ቤት ሻይ በስኳር የምትጠጣ ምራታቸው ብቻ ናትና።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት አባባ!»

«ሻይሽን የምትጠጪው በአፍሽ ነው ወይስ በወለሉ?»

መምህርቷ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «ኧረ አባባ፣ እኔ እዚህ ጋ ተቀምጬ ሻይ ጠጥቼም አላውቅ።»

«ታዲያ ወለሉ ራሱ አፍልቶ ጠጣ?»

«እኔ እንጃ። ይልቅ ጫማዎን ይስጡኝ፣ ልጠብልዎት።»

ጫማውን አጠበች፤ ወለሉንም በሙቅ ውሃ ወለወለች። በማግሥቱ ወለሉ አጣበቀ። ደግማ ወለወለች፤ ደግሞ አጣበቀ። የመስኮቱ ደፍም አጣበቀ፤ የጠረጴዛው ጠርዝም። ብዙም ሳይቆይ ጉንዳን መጣ። ከመስኮቱ ክፈፍ ሥር ወጥቶ፣ ወለሉን አቋርጦ፣ በሎሚው ማሰሮ ሆድ ላይ ተሰልፎ ወደ ግንዱ ይወጣል፤ ሌላው ሰልፍ ይወርዳል።

«አየሽ?» አሉ ጋሽ ደቂቃ። «ስኳርሽን ተከትሎ መጣ። አሁን ዛፌን ሊበላ ነው።»

እዚህ ላይ ስለ ሙያ ልማድ አንድ ነገር መባል አለበት፤ ስሕተቱ የሰዓት ሠሪ ስሕተት ነውና። ሰዓት ሲበላሽ ጥፋቱ የሚፈለገው ከሚንቀሳቀሰው ዘንድ ነው፤ ከተጠቀለለው ሞላ፣ ከጥርሱ፣ ከሚወዛወዘው። የማይንቀሳቀሰው፣ ክዳኑና ጀርባው፣ አይጠረጠርም። ጋሽ ደቂቃም በሎሚው ዙሪያ የሚንቀሳቀስ ነገር ፈለጉ፤ ያገኙት ጉንዳንና ምራታቸውን ነው። በሁለቱም ላይ ዘመቱ።

በየቅርንጫፉና ከቅጠሉ በታች፣ ከመካከለኛው የቅጠል ጅማት ግራና ቀኝ ግን፣ ምስር የሚያካክሉ ቡናማ እብጠቶች ተደርድረው ነበር። አላዩአቸውም እንዳይባል፣ አይተዋቸዋል። አጉሊ መነጽር ሰክተው ደጋግመው አይተዋቸዋል። እግር የላቸውም፤ ራስ የላቸውም፤ አይነቃነቁም። «የዛፉ ቅርፊት ነው» ብለው ፈረዱ። ይባስ ብለው አቧራ ሲያራግፉ እብጠቶቹ እንዳይጎዱ በብሩሻቸው ዙሪያቸውን ያልፉ ነበር። ለምራታቸው ያልተደረገ ጥንቃቄ ለተባይ ተደረገ።

በዚህ መካከል እኅታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። እኒህ ሴት የተጣላ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው የሚበራ ዓይነት ናቸው። ገና ከበሩ፦

«ኧረ ወንድምዓለም! ቅጠሉ እንዴት ያበራል! ዘይት ቀብተኸው ነው?»

«እንክብካቤ ነው» አሉ ጋሽ ደቂቃ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

እኅታቸው የመስኮቱን ደፍ ተደግፈው ኖሮ መዳፋቸው ተጣብቆ ተነሣ። «ውይ! ይህስ ምንድን ነው?»

«እሱ የምራቴ ነው።»

በቅጠሉ ላይ ያበራውና በደፉ ላይ ያጣበቀው አንድ ነገር ነበር። ከላይ ሲሆን ምስጋናው የእሳቸው፣ ከታች ሲሆን እድፉ የእሷ ሆነ። ይህን የመሰለ ክፍፍል የሚሠራ አእምሮ ሰነፍ አይደለም፤ ሰነፍ ቢሆን ይሻል ነበር።

እኅትየው ወሬውን ይዘው ወረዱ። ጋሽ ደቂቃ ራሳቸውም አልሰሰቱም። ደረጃው ላይ ጎረቤት በተሰበሰበበት፣ በሚሰማ ድምፅ፦ «መምህርት ያመጣሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ስኳር የሚዘራ ገበሬ ነው ያመጣሁት!» አሉ። የሰማው ሁሉ ሳቀ። በሕንጻው ውስጥ የተማሪ እናቶች አሉና ሳቁ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ትምህርት ቤት ገባ። በእረፍት ሰዓት በመምህራኑ ክፍል አንድ ባልደረባዋ የስኳሩን ዕቃ ከፊቷ አንሥቶ «ለእሷ አትስጧት፣ ጉንዳን ይከተለናል!» አለ። እሷም አብራቸው ሳቀች። ቤት ስትገባ ግን አልሳቀችም።

«አንድ ቃል ተናገር» አለችው ባሏን።

«ምን ልበል?»

«ሚስቴ ዝርክርክ አይደለችም በል። አጭር ነው፤ ትንፋሽ አይጨርስም።»

«አባዬን ታውቂው የለ? ይበርድለታል።»

«እሳቸው እስኪበርድላቸው እኔን ማን ያብርደኝ?»

ልጁ መልስ አልሰጠም። ይህን ዓይነቱን ዝምታ ሰዎች ጨዋነት ይሉታል፤ ልማዱን ያስፋፉትም በእሱ የሚጠቀሙት ናቸው። በሁለት ሰዎች መካከል ግፍ ሲሠራ እያየ ዝም የሚል ሰው በመካከል አልቆመም፤ ግፈኛው ትከሻ ላይ ተደግፎ ነው የቆመው።

ትምህርት ቤቱ ለእረፍት ሲዘጋ መምህርቷ ልብሷን ሸክፋ ወደ እኅቷ ቤት ሄደች። ጋሽ ደቂቃ ወለሉን በገዛ እጃቸው አጠቡ፤ አደረቁ፤ ስኳሩንም ከቤት አስወጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ጫማቸው ተጣበቀ።

ማንም ጤነኛ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይላል። እሳቸው ግን ለልጃቸው እንዲህ አሉት፦ «ስኳሩ የወለሉ እንጨት ውስጥ ሰርጎ ገብቶ ነበር፤ አሁን እየወጣ ነው።»

የሰው ሰዓት ጥቂት ወደ ኋላ ቢቀር እስከ መጨረሻዋ ብሎን የሚፈቱት ሰው፣ የገዛ ክሳቸው ሲቆም ክዳኑን ለመክፈት እንኳ አልፈቀዱም። አለማወቅ ይቅር ይባላል። ማስረጃ በእግር ሥር ተጣብቆ እየጮኸ በላዩ ላይ መራመድ ግን አለማወቅ አይባልም፤ የራሱ ስም አለው፤ ትዕቢት ነው።

ዛፎቹ እየባሰባቸው ሄዱ። ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይረግፍ ጀመር። በቀረው ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ሻጋታ ተጋገረበት። ጋሽ ደቂቃ «ርቧቸዋል» ብለው ማዳበሪያ ጨመሩ፤ ዛፎቹም ለጋ ቀንበጥ አወጡ፤ እብጠቶቹ ለጋውን ወረሱት። መንደሪኑ ከጫፉ መድረቅ ጀመረ። ጉንዳኑ በየቀኑ በመድኃኒት ዱቄት ይረግፋል፤ በየቀኑ አዲስ ሰልፍ ይተካል።

መምህርቷ የተመለሰችው አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ነው። ልጁ ቤት ነበር፤ እኅትየውም ነበሩ፤ እሳቸው የማይገኙበት ቅዳሜ የለም። እሷ በሌለችበትም ወለሉ ማጣበቁን ባሏ ነግሯት ነበርና፣ ሻንጣዋን በሩ ላይ አስቀምጣ ሳትቀመጥ ወደ ሥራው ጠረጴዛ ሄደች።

«አባባ፣ እነዚህን የሰዓት መስታወቶች ማን ወለወላቸው?»

«ማን ይወለውላቸዋል? እኔ ነኛ።»

«ንጹሕ ናቸው?»

«ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ንጹሕ ነው ወይ ተብሎ አይጠየቅም።»

«እሺ። እነዚህን ራስዎ ከሎሚው ሥር ይደርድሯቸው። እነዚህን ደግሞ እዚያ፣ ከበሩ አጠገብ። ዛሬ እስኪመሽ ሻይ አይፈላም፤ እኔም ከዚህ ወንበር አልነሣም። እትዬ ይጠብቁኝ፤ ከእሳቸው የተሻለ ዘበኛ የለም።»

«ምን ማለትሽ ነው?» አሉ እኅትየው።

«ማመስገኔ ነው እትዬ።»

ጋሽ ደቂቃ ፈገግ አሉ። የሚያሸንፍ ሰው ፈገግታ ነበር። መስታወቶቹን በወረንጦ እየያዙ ደረደሩ። ቀኑም እንዲሁ ዋለ። እኅትየው በእርግጥም ዓይናቸውን ከመምህርቷ ላይ አልነቀሉም።

ፀሐይ ወደ መስኮቱ ስታዘቀዝቅ ከበሩ አጠገብ ያሉት መስታወቶች እንደተወለወሉ ነበሩ። ከሎሚው ሥር ያሉት ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ጠብታዎች ተረጭተው ያብረቀርቁ ነበር። ጋሽ ደቂቃ አንዱን አንሥተው ቀመሱ። ጣፋጭ ነው። ቀና ብለው ከላይ ያለውን ቅጠል ገለበጡ። አጉሊ መነጽሩን ሰኩ። በአንዱ ቡናማ እብጠት ጫፍ ላይ ጠብታ ተንጠልጥሎ ነበር።

ወረንጦውን ከእብጠቱ ሥር አስገብተው ፈነቀሉት። እንደ ክዳን ተነሣ። ከሥሩ ነጣ ያለ ዱቄት ነበረ። ዱቄቱን ትክ ብለው አዩት። ዱቄቱ ተራመደ።

«ነፍስ አለው» አሉ፤ ድምፃቸው ተለውጦ። «ይህ ሁሉ... ይህ ሁሉ ነፍስ ያለው ነው! ተጣብቆ የዛፌን ደም እየመጠጠ፣ የጠገበውን ስኳር አድርጎ ወለሌ ላይ እየተፋ! ጉንዳኑም የመጣው ይህንኑ ሊልስ ነው! ይህ ሌባ! ይህ አስመሳይ!» አንዱን ፈነቀሉ፤ ሌላውን ፈነቀሉ። ቁጣቸው ሁሉ፣ ያ ለወራት የነደደው ቁጣ፣ አንድም ሳይቀር ወደ ተባዩ ዞረ። ለተባይ እንዲህ መቆጣት ቀላል ነው፤ ተባይ ቀና ብሎ አያይም።

መምህርቷ ቆማ ጠበቀች። ልጁም ቆሞ ጠበቀ።

«እንግዲህ ተባይ ነው» አሉ እኅትየው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ሰው ምን ያድርግ?»

«ሰውማ ይቅርታ ይጠይቅ» አለች መምህርቷ። «እኔ ብዙ አልፈልግም አባባ። በደረጃው ላይ የተናገሩትን በደረጃው ላይ ይመልሱልኝ። እዚህ በአራት ግድግዳ መካከል አይደለም፤ እዚያ፣ የሳቁት ሰዎች በሚሰሙበት።»

ጋሽ ደቂቃ ከቅጠሉ ላይ ዓይናቸውን አላነሡም።

«ሳሙና አምጪልኝ» አሉ።

መምህርቷ ሳሙና አላመጣችም። ሻንጣዋን ገና አልፈታችውም ነበርና መልሳ ለማንሣት ጊዜ አልወሰደባትም። ባሏ አባቱን አየ፤ በሩን አየ፤ ከዚያም የእሷን ሻንጣ ተቀብሎ ተከትሏት ወረደ። መከተሉ መልካም ነው። ሆኖም ሻንጣ መሸከም ቃል አይሆንም፤ ያን ዕለትም አንድ ቃል አልተናገረም። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ ሁለት ክፍል ተከራዩ።

ከዚያ በኋላ ጋሽ ደቂቃ ያደረጉትን ያየ ሰው ሊያደንቃቸው ይችል ነበር። ማሰሮዎቹን አንዱ ዛፍ ሌላውን እንዳይነካ አራራቋቸው። የማይድነውን መንደሪን ቆራርጠው በፌስታል ቋጥረው ጣሉ። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ በጥብጠው የእያንዳንዱን ቅጠል ፊትና ጀርባ አጠቡ። በቅርንጫፉ መጋጠሚያ የተሸሸገውን በአልኮል በተነከረ ጥጥ እየነካኩ በወረንጦ ለቀሙ። ጉንዳኑ እንዳይወጣ ግንዱን በጨርቅ ጠምጥመው ቫዝሊን ቀቡት። የተባዩ እንቁላል በኋላ እንደሚፈለፈል ገብቷቸው በየሳምንቱ ደገሙት፤ ሰለቸኝ አላሉም። ለቅጠል ጀርባ ተንበረከኩ። ያ ጉልበት ለሰው እንዲታጠፍ ሲጠየቅ ግን ዛገ።

ይህ ብቻ ቢሆን ግትር ሽማግሌ ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ዋናው ነውር የታየው ደረጃው ላይ ነው። ጋሽ ደቂቃ ያንኑ ደረጃ፣ በዚያው ጎረቤት ፊት፣ የማስተማሪያ ሰገነት አደረጉት።

«የማይንቀሳቀሰውን ነው መጠርጠር!» ይላሉ፣ ጣታቸውን ቀስረው። «ሰው ጉንዳን ያያል፤ ጉንዳን ምን አደረገ? ሰው ወለሉ ሲያጣብቅ ሻይ ፈሰሰ ይላል። አለማወቅ ነው! ቅጠሉን ገልብጦ ማየት ነው!»

«እርስዎ እንዴት ደረሱበት ጋሼ?» ይላቸዋል አንዱ።

«በመስታወት! ንጹሕ የሰዓት መስታወት ከዛፉ ሥር ታስቀምጣለህ...»

«አይ ጋሼ፣ ጭንቅላት!»

ዝም ብለው ይቀበላሉ። የሷን መስታወት፣ የሷን ቅዳሜ፣ የሷን ዘዴ የራሳቸው ግኝት አድርገው ይሸለሙበታል። «ሻይ ፈሰሰ» ያለው «ሰው» ማን እንደሆነ አይነገርም። የተከሰሰችው ሴት ስም በነበረበት ቀረ፤ ጎረቤቶቹም እንደ ቀድሞው «ያቺ ስኳር ዘሪዋ» ይሏታል። ስድቡን ያወጣው አፍ በየቀኑ እዚያው ቆሞ ስለ ቅጠል ያስተምራል፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ይጎድለዋል፤ አንዲት ብቻ።

ሎሚው አገገመ። አበበ፤ አፈራ። የመጀመሪያው ፍሬ ሲበስል ጋሽ ደቂቃ ለውበቱ ብለው ከነቁራጭ ቅርንጫፉና ከነሁለት ቅጠሉ ቆረጡት፤ በነጭ ወረቀትም ጠቀለሉት። ልጃቸው በየሳምንቱ እሑድ ይጠይቃቸው ነበርና ሰጡት።

«ለእሷ ስጥልኝ።»

«ምን አለሽ ልበላት?»

«ሎሚ ነው በላት። ምን ይባላል? ሎሚ ሎሚ ነው።»

መምህርቷ ወረቀቱን ፈታች። ፍሬውን አሸተተች፤ ደስ ይላል። ከዚያ ቅጠሉን ገለበጠች፤ ንጹሕ ነው። ፍሬው ከቅርንጫፉ የሚጋጠምበትን ቦታ በጥፍሯ ጫር ስታደርገው አንዲት ቡናማ እብጠት ተነሣች። ወረቀቱን መልሳ ጠቀለለችው።

«መልስላቸው። ኋላ ከእሷ ቤት ነው የመጣው እንዳይሉኝ።»

በሚቀጥለው እሑድ ልጁ ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ የተባለውንም ሳይቀንስ ተናገረ። ጋሽ ደቂቃ አጉሊ መነጽራቸውን ሰክተው ፍሬውን አዙረው አዩ። ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው።

«ልክ ናት» አሉ፤ ለሎሚው። ከዚያ ቀና ብለው፦ «ሌላ እሰጥሃለሁ፤ በደንብ የታጠበ። እሱን ውሰድላት።»

«አልወስድም።»

«ምን?»

«እኔ ከእንግዲህ ሎሚ አላመላልስም አባዬ።» ልጁ ፊቱ ቀልቷል፤ ድምፁ ግን አልተንቀጠቀጠም። «እሷ ሎሚ አልጠየቀችህም። የጠየቀችህን ታውቃለህ፤ ቦታውንም ታውቃለህ፤ ከበርህ እስከዚያ ጥቂት እርምጃ ነው። እኔም ያኔ መናገር ሲገባኝ አልተናገርኩም፤ አሁን ተናገርኩ። ስትናገር እሰማለሁ፤ ጎረቤት ይነግረኛል። እስከዚያው እሑድ እሑድ አትጠብቀኝ።»

የቤቱን ቁልፍ ከሰዓት መስታወቶቹ አጠገብ አስቀመጠና ወጣ።

ደረጃው ላይ የልጁ ኮቴ ይሰማ ነበር። ጎረቤቶችም ነበሩ፤ ሳቃቸው እስከ ሳሎኑ ይደርሳል። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ጋሽ ደቂቃ ከወንበራቸው ተነሡ፤ እስከ በሩ ሄዱ፤ እጀታውን ያዙ። ኮቴው ወደ ታች እየራቀ ሄዶ እስኪጠፋ ድረስ ያዙት።

ከዚያ በሩን ዘጉ። የሳሙናውን ውሃ በጠበጡ፤ ከሎሚው ፊት ተንበርክከው ከታችኛው ቅጠል እንደገና ጀመሩ።